የአባባ ሬይ ሸክላ

ይህ የሆነው ባለፈው ኅዳር ነው። የሞቱት ሰውዬ ዘመዴ አይደሉም፤ በአካል አይቻቸውም አላውቅም። ግን ሳህን ሳጥብ ሳይቀር ነገሩ ትዝ ይለኛል።

የምንኖረው ለንደን፣ ሆሎዌይ ሰፈር፣ ካውንስል ፍላት በሚሉት የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤት ውስጥ ነው። ፊት ለፊታችን ያለው በር የሚስተር ሬይ ነው። ልጆቼ አፍ ሲፈቱ "አባባ ሬይ" ብለው ጀመሩ፤ እኛም በዚያው ለመድን፣ እሳቸውም ስሙን ወደዱት። በወጣትነታቸው ከሦስት የሰፈራቸው ልጆች ጋር ባንድ ነበራቸው። የስድሳዎቹ ጋራዥ ሮክ ይሉታል፤ ጊታሩ ይጮሃል፣ ኦርጋኑ ራስ ያዞራል። አንድ አልበም አወጡ፣ የገዛው የለም፣ ተበተኑ። ከበሮ መቺው እሳቸው ነበሩ፤ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አውቶቡስ ነዱ። ከአራቱ የቀሩት እሳቸውና ብራይተን የሚኖሩት ዘፋኙ ሚስተር ቴሪ ብቻ ነበሩ።

ታዲያ አንድ ኩባንያ ያንን አልበም እንደገና ሊያትመው ነው ተባለ። የአባባ ሬይ ሥራ በረንዳ ላይ ቆሞ ፖስተኛ መጠበቅ ሆነ። "እንግዲህ ታዋቂ ሆነው ሊረሱን ነው" እያልኩ እቀልድባቸው ነበር።

ሸክላው የደረሰ ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ ቦታ ስልኬ ጠራ። የሚስተር ቴሪ ልጅ ነበረች። አባቷ ከትናንት በስቲያ ሆስፒታል ሞተዋል። ለአባባ ሬይ ብትደውል ብትደውል አያነሱም። እሳቸው ቀደም ሲል የጎረቤቴ ቁጥር ነው ብለው የእኔን ሰጥተዋት ስለነበር፣ እንድነግርላት ለመነችኝ። እሺ አልኳት።

እሺ ማለት ቀላል ነው። እኛ ዘንድ ግን መርዶ እንዲህ በመንገድ አይነገርም። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቤት ድረስ ተሂዶ ነው። የአባቴን ሞት እኔም የሰማሁት እንደዚያ ነው፤ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ፣ ስከፍት የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ለባለቤቴ ለታደሰ ደወልኩና ለነገ ይደር ተባባልን።

ከሥራ ስመለስ አባባ ሬይ በራቸውን ከፍተው እየጠበቁኝ ነው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የማጫወቻውን መርፌ ሸክላው ላይ እንዳስቀምጥላቸው ፈልገው ነው። ካፖርቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ሽፋኑ ላይ አራት ጎረምሶች ጸጉራቸው ዓይናቸውን ሸፍኖት ቆመዋል። ሙዚቃው ጀመረ። አባባ ሬይ በሁለት ጣታቸው የወንበሩን ክንድ ይመቱ ጀመር። የሚስተር ቴሪ ድምፅ ሲገባ፣ የቀረጽን ዕለት ጉንፋን ይዞት ነበር አሉኝ። "ነገ ደውዬ አበሽቀዋለሁ።"

ፈገግ አልኩ። ውስጤ ግን ምንም አልነበረም፤ በብርድ ጓንት ረስቶ እንደወጣ ሰው እጅ ደንዝዟል። ገልብጪው አሉኝ፣ ገለበጥኩት። እስከ መጨረሻው ሰማን።

በማግስቱ በማለዳ ታደሰንና ከቤተ ክርስቲያናችን እትዬ ዘነበችን ይዤ አንኳኳሁ። ሦስታችንም ጥቁር ለብሰናል። እትዬ ዘነበች ሾርባ በፔርሙዝ ይዘዋል። አባባ ሬይ በፒጃማ ከፈቱና አንድ በአንድ አዩን። ምንም ሳልናገር ግቡ አሉ። ለአባቴ መርዶ ሰዎቹ የመጡ ዕለት በራቸው ላይ ቆመው አይተዋል፤ እንዲህ ባለ ሰዓት ጥቁር ተለብሶ ለምን እንደሚመጣ ያውቃሉ።

ከተቀመጡ በኋላ ራሳቸው ነገሩን። ጓደኛቸው የሞቱ ዕለት ሆስፒታል ደውለው ከነርሷ ሰምተዋል። ከዚያ ወዲያ ስልክ ያላነሱት፣ ሌላ ሰው ደግሞ እንዳይነግራቸው ነው።

"ቴሪ መሞቱን ከማያውቅ ሰው ጋር ሸክላውን አንድ ጊዜ ልሰማው ፈልጌ ነው" አሉኝ። "ትናንት አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ ሳለ፣ ቢያንስ ለአንድ ሰው በሕይወት ነበር።"

እትዬ ዘነበች ያለቅሳሉ። እኔ እንባ አልመጣልኝም። አባባ ሬይ መቼ እንደሰማሁ ጠየቁኝ። ታደሰ ቀና ብሎ አየኝ።

"ማታ" አልኩ። "ከእርስዎ ከተለየሁ በኋላ።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ሾርባውን ተቀበሉ።

ውሸት ኃጢአት ነው፤ ለዚህኛው ግን ንስሐ አልገባሁም። አሁንም አልፎ አልፎ ይጠሩኝና መርፌውን አስቀምጥላቸዋለሁ። የሚስተር ቴሪ ድምፅ ሲገባ ፊታቸውን አላይም። ምን ይሰማሻል ብትሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር እስካሁን ምንም። ብቻ ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ሚስተር ቴሪ ለማንም በሕይወት አልነበሩም። አባባ ሬይ ይህን አያውቁም። ሳያውቁ ይኑሩልኝ።