አቤት ያላለችው ከሳሽ

በጎጃሟ ቁይ ጎረቤቴ የሆነችው ዘቢደር በሰው ላይ ክፉ ቃል አይወጣትም። ያሰጣችውን ገብስ የሰው ዶሮ ስትጭርባት እንኳ «ርቧት ነው» ብላ እፍኝ ትጨምርላታለች። የእርሻ አዋሳኟ የኋላሸት በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየገፋ የድንበሩን የኮሶ ዛፍ ወደ ራሱ ማሳ ሲያስገባው ግን ልጆቿ ወተወቷትና ከደብረ ማርቆስ ጠበቃ አቆመች።

ጠበቃው አለበል ይባላል፤ ሲናገር እስክሪብቶውን ጠቅ ጠቅ የሚያደርግ ፈጣን ወጣት ነው። ክሱን ጽፎ አነበበላት። እሷም ለሁሉም «እሺ ልጄ» እያለች በጣቷ ፈረመች። የገባት መሰለው።

በቀጠሮው ቀን ዘቢደር ታጥቦ የተተኮሰ ነጠላዋን ለብሳ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አለበል የተሳፈረበት መኪና ጎማው ፈንድቶ ዘገየ። ሲደርስ ከሳሽ አልቀረበችም ተብሎ መዝገቡ ተዘግቷል፤ ከሳሽ ግን እዚያው አግዳሚ ላይ ናት።

«እማማ፣ ሲጠሩዎት አልሰሙም?»

«ስሜንማ ሰምቻለሁ። ጠሪው ከሳሽ ዘቢደር አለ። ከሳሽ ሰይጣን ነው፤ ሰው ፊት እንዴት አቤት ልበል? እኔ ያልሁህ ትልሜን አስመልስልኝ ነው እንጂ ክሰስልኝ መች አልሁ?»

አለበል ሳቁን ዋጠና አጠገቧ ተቀመጠ። እስክሪብቶውንም ኪሱ ከተተ። በፍርድ ቤት ከሳሽ ማለት ዳኛ ፊት የራሱን የሚጠይቅ ሰው እንደሆነ፣ የኋላሸትም በዚህ እንደማይታሰር ቀስ ብሎ ነገራት። ይኼኔ ፊቷ በራ፤ ለካ የሰውየው ልጆች ያለ አባት እንዳይቀሩ ኖሯል ጭንቀቷ። ከዚያ በክሱ የጻፈውንም አሁን የነገራትንም ሁሉ በራሷ አፍ እንድትደግምለት ለመናት። ደገመችለት፤ ሁለት ቦታም አረመችው።

መዝገቡ እንዲከፈት ባቀረበው ማመልከቻ የሆነውን እንዳለ ጻፈው። ዳኛዋ ተቀብለው ሌላ ቀጠሮ ሰጡ።

በዚያ ቀን እኔም አብሬያት ነበርሁ። «ከሳሽ ዘቢደር» ሲባል እኔ ክንዷን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አቤት። በሰው ላይ ክፋት የለኝም፤ የተጠራሁት ግን እኔ ነኝ።»

ችሎቱ በሙሉ ሳቀ። የኋላሸት ራሱ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ፤ ዳኛዋ ኮሶው የማን እንደሆነ ሲጠይቁትም መካድ አቃተው።

«የሷ ነው» አለ።

ዘንድሮ ገብሷን እስከ ኮሶው ድረስ ዘርታለች። አለበልም ባለጉዳይ «እሺ ልጄ» ባለው ቁጥር እስክሪብቶውን ኪሱ ይከታል አሉ።