ጳጉሜን የት ጣሏት?

አሳይመንት ማረም የሚያደክመው በብዛቱ አይደለም። አንዱን ወረቀት አርባ ጊዜ ማንበብ ነው የሚያደክመው። ቅዳሜና እሑድ የማስተምርበት ኮሌጅ አዲሱ ገበያ ነው፤ ምድር ቤቱ ቀለምና ቆርቆሮ የሚሸጥበት ፎቅ ላይ ሁለት ወለል ተከራይቷል። በዚያ ሴሚስተር በስታቲስቲክስ ክፍሌ አርባ ተማሪዎች ነበሩኝ። ሁሉም ሥራቸውን በላስቲክ ሽፋን አስጠርዘው ያስረክቡኛል፤ ሽፋኑ ላይ ስሙ ይለያያል እንጂ ውስጡ አንድ ነው። ጳውሎስ አካባቢ በሩ ላይ «አሳይመንት፣ ሪሰርች፣ ፕሮፖዛል እንሠራለን» የሚል ወረቀት የለጠፈ የፎቶኮፒ ቤት አለ፤ የሚያመጡት ከዚያ ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም «ለተጨማሪ ሥራ ይደውሉልን» የሚለውን ከግርጌው ሳያጠፉ ያስረከቡኝ አሥራ አንድ ነበሩ። መጀመሪያ ሁሉንም ዜሮ ልሰጣቸው እስኪርቢቶዬን አነሳሁ። ከዚያ የሚመጣውን ጭቅጭቅ አሰብኩትና ዝም ብዬ አረምኩላቸው።

የተመረቅኩት በስታቲስቲክስ ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ግን ገና ስቀጠር «ቁጥር ያለበት ሁሉ ያንቺ ነው» አለኝና ተገላገለኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት አካውንቲንግ፣ ከሰዓት ስታቲስቲክስ፣ እሑድ ደግሞ ከባዮሎጂ ውስጥ ስሌት ያለበትን ክፍል አስተምራለሁ። መጽሐፎቹ ሁሉ የባሕር ማዶ ናቸው። የአካውንቲንጉ መጽሐፍ የበረዶ መጥረጊያ መኪና በየዓመቱ ከዋጋው ስንት እንደሚቀንስ አስሉ ይላል፤ ከተማሪዎቼ መካከል መንገድ የሚዘጋ በረዶ ያየ የለም። የባዮሎጂው መጽሐፍ አባትየው ሰማያዊ ዓይን ቢኖረው ከአራት ልጆች ስንቱ ሰማያዊ ዓይን ይኖረዋል ብሎ ይጠይቃል፤ አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እንደዚህ ዓይነት አባት ከየት እናመጣለን?» ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው። እኔም ስቄያለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ያንኑ ጥያቄ በዚያው ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ሳቄ አልመጣም።

ሰለቸኝና ለስታቲስቲክሱ ክፍል ጥያቄውን ራሴ ጻፍኩት። የምኖረው ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ነው፤ በየቀኑ በነጠላና በጋቢ ሱቆች መካከል አልፋለሁ። ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦ አንድ የሽሮ ሜዳ ሱቅ በአንድ ዓመት 1,560 ነጠላ ሸጠ፤ በወር በአማካይ ስንት ሸጠ? ከዚያ በታች በዚህ አማካይ ላይ የተመሠረቱ አራት ጥያቄዎች ጨመርኩ። ቁጥሩን የመረጥኩት ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ቀሪ እንዳይኖረው ብዬ ነው፤ መልሱ 130 ይመጣል። ያገር ቤት ጥያቄ አወጣሁ ብዬ ለራሴ ትንሽ ኮራሁ።

ሠላሳ ዘጠኙ ወረቀቶች 130 ብለው መጡ፤ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት ሠንጠረዥ። የፎቶኮፒ ቤቱ ሰው አርባኛውን አልሠራውም። አርባኛው የእትዬ ነበር።

እትዬ የምንላቸው ክፍሉ በሙሉ ነበርን፤ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ከፊት ወንበር የማይጠፉ ሴት ናቸው። ከደቡብ ተራሮች በልጅነታቸው ነው የመጡት፤ ባለቤታቸው ሸማኔ ናቸው፣ ሽሮ ሜዳም ትንሽ ሱቅ አላቸው። እሳቸው ራሳቸው ግን በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ሠርተዋል። መሥሪያ ቤቱ የሥራ መደቡ ዲግሪ ይጠይቃል፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ ያላቀረበ ቦታውን ይለቃል ብሎ ማስታወቂያ አውጥቷል። ሌላውን ትምህርት ሁሉ ጨርሰዋል፤ የቀረቻቸው የእኔ ስታቲስቲክስ ብቻ ነበረች። ባለፈው ዓመት በሌላ አስተማሪ ጊዜ ወድቀውባታል። በኮሌጃችን ደንብ ሁለተኛ የወደቀ ይሰናበታል።

ወረቀታቸው ባለ ካሬ ደብተር ላይ በእጅ የተጻፈ ነው፤ መስመሮቹ በማስመሪያ ተሰምረዋል። መልሳቸው 120 ይላል። ቀዩን እስኪርቢቶ አነሳሁና ኤክስ አደረግኩበት። ቀጥሎ ያሉት አራቱም በዚያ አማካይ ላይ የቆሙ ስለሆኑ እነሱም ተከታትለው ሄዱ። ከሃያ አራት ሰጠኋቸው፤ አራቷም ለንጽሕናው ነበረች። ከመልሱ ሥር ግማሽ ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ነበር። አላነበብኩትም። ሠላሳ ዘጠኝ ወረቀት ሳያነቡ ያረመ ሰው አርባኛውን ማንበብ ይረሳል።

ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት፣ እሑድ በዕረፍት ሰዓት፣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ይጠይቁ፣ እትዬ።»

«ጳጉሜን የት ጣሏት?»

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ፊታቸው ላይ ግን ቀልድ አልነበረም።

«አልገባኝም» አልኳቸው።

«ማለቴ... ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር አይደል? ሱቁ ደግሞ የሽሮ ሜዳ ነው ብለዋል። ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው እኮ በጳጉሜ ነው። ለእንቁጣጣሽ ሁሉም ሰው ይለብሳል። እኛ በእሷ አምስት ቀን የምንሸጠውን ሰኔና ሐምሌ ተደምሮ አንሸጠውም። ቀኗ ታንሳለች እንጂ ወርነቷ አያንስም።»

1,560ን በሆዴ ለአሥራ ሦስት አካፈልኩት። 120 መጣ፤ ቀሪ የለውም። እዚያው ላይ ልቀበላቸው እችል ነበር። ግን ደክሞኛል፣ ከኋላዬ የባዮሎጂ ተማሪዎች ይጠብቁኛል፣ ደግሞም አስተማሪ ነኝ።

«በሂሳብ ጳጉሜ የለችም፣ እትዬ» አልኳቸው። «የእርስዎም ደመወዝ ቢሆን የአሥራ ሁለት ወር ነው።»

«እሱስ እውነት ነው፤ ደመወዝ ከፋይ አይቆጥራትም። እሺ፣ ቲቸር። በቃ፣ እንደሱ ከሆነ እሺ።»

የእኛ ሰው እሺ ሲል ብዙ ጊዜ አልተስማማም፤ መነጋገሩን ነው የተወው። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር እሺ ያሉት። ይህንን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ወደ ሽሮ ሜዳ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ወረቀታቸውን ከቦርሳዬ አወጣሁና ያላነበብኩትን ግማሽ ገጽ አነበብኩ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ጥያቄው ዓመት ስለሚል አሥራ ሦስት ወር ወስጃለሁ። ጳጉሜን ካልቆጠርናት አማካዩ 130 ይሆናል። ነገር ግን ጥያቄው ውስጥ እሷን ለመተው ምክንያት አልተሰጠም።» ከዚያ በታች አራቱንም ጥያቄዎች በሁለቱም መንገድ ሠርተዋቸዋል። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ «መልስ ብቻ አትስጡኝ፤ ምን ብላችሁ እንደተነሳችሁ ጻፉልኝ» እያልኩ የምለምነው ይህንን ነበር። ለስንት ዓመት ለምኜ አንድ ሰው ሠርቶ አመጣልኝ፤ እኔም ከሃያ አራት ሰጠሁት። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ «አመመሽ እንዴ?» ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኃላፊያችን ዘንድ ሄድኩና ውጤት ላስተካክል ነው አልኩት። ቅጽ ሰጠኝ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ጥያቄው ግልጽ ስላልነበረ» ብዬ ልጽፍ ስል እጄን ያዘኝ።

«እንደሱ ካልሽ አርባውም ነገ እዚህ ነው የሚያድሩት» አለኝ። «ዝም ብለሽ የድምር ስህተት በይው።»

የድምር ስህተት ብዬ ጻፍኩ። አራቷ ተሰርዛ ሃያ ተጻፈች፤ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውንም ራሴ በእስኪርቢቶ አስተካከልኩት። ለእትዬ ልነግራቸው አስቤ ነበር። የምናገረው «ተሳስቻለሁ» የሚል አንድ ቃል ነው። በዚያ ቅዳሜ ተማሪው ከበበኝ። እሑድ ደግሞ ራሴን አመመኝ። በሳምንቱ እሳቸው ራሳቸው መጡ፤ ነጠላቸውን ጎተት አድርገው ጎንበስ አሉልኝ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቲቸር። አዝነውልኝ ነው።»

«ምንም አይደል» አልኩ።

ሐዘኔታ አልነበረም፤ የሚገባቸውን ነው የመለስኩላቸው። ይህንን ለመናገር ግን ዙሪያችን አሥር ተማሪ ቆሟል፣ እኔም ከተማሪዎቼ ፊት ተሳሳትኩ ብዬ አላውቅም፤ ያስተማሩኝም ሰዎች ብለው አያውቁም። ምንም አይደል ብዬ ወደ ክፍል ገባሁ። ካደረግኩት ሁሉ ዛሬም የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

የተስተካከለው ውጤት ግን ሳይታይ አልቀረም። ደረጃው ላይ ሁለት ልጆች «ቲቸሯ ጳጉሜ ትወዳለች፤ ጳጉሜን የጨመረ ሃያ ከሃያ ነው» ሲባባሉ ሰማኋቸው። ሰምቼም አለፍኩ።

የማጠቃለያው ፈተና ሲደርስ ለእትዬ ብዬ አንድ ጥያቄ አስገባሁ። የቀረው ፈተና ሁሉ ሰበብ ነበር። አንድ የአዲሱ ገበያ ዶሮ ነጋዴ በአንድ ዓመት 2,340 ዶሮ ሸጠ፤ በወር በአማካይ ስንት ሸጠ? ምን ብላችሁ እንደተነሳችሁ ጻፉ። ለአሥራ ሁለትም ለአሥራ ሦስትም ቀሪ ሳይኖረው ይካፈላል፤ ሁለቱንም ልቀበል ወስኛለሁ። ዶሮ ያልኩት ግን ሆን ብዬ ነው፤ ጳጉሜ የዶሮ ገበያ የሚደራበት ጊዜ ነው። ያንን ግማሽ ገጽ እንደገና እንዲጽፉልኝ፣ እኔም ከጎኑ በቀዩ ሳይሆን በሰማያዊው እስኪርቢቶ «በጣም ትክክል» ብዬ እንድጽፍበት ፈልጌ ነበር። ይቅርታዬን በዚያ ልጨርስ አስቤ ነው።

ወረቀቶቹን ሰኞ ከሰዓት ቤቴ በረንዳ ላይ አረምኳቸው። ሠላሳ ዘጠኙ 180 ይላሉ። «ጳጉሜን ጨምሮ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ያሰመሩበት አሉ። አንዱማ በቅንፍ «ጳጉሜ በጣም ወሳኝ ወር ናት» ብሎ ጨምሮልኛል። የእትዬን ወረቀት ሆን ብዬ ለመጨረሻ አስቀምጬው ነበር። ስደርስበት በማስመሪያ የተሰመረ መስመር፣ ከሥሩ 195፣ ከእሱም ሥር ያ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ፦ «ጳጉሜ አልተቆጠረችም፣ ቲቸር እንዳስተማሩን።»

ሌላ ማብራሪያ የለም። በሁለት መንገድ አልሠሩትም። ምን ብለው እንደተነሱ ጽፈዋልና ሙሉ ውጤት ሰጠኋቸው፤ መልሱም ስህተት የለበትም። የቀረውንም በደንብ ሠርተውት ስለነበር ከሚያስፈልጋቸው በላይ አመጡ። አለፉ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አላለኝም።

ውጤቱ በተለጠፈ ቀን ቢሮዬ መጡ። ፀጉራቸውን ተሠርተዋል፤ በአንድ እጃቸው ለመሥሪያ ቤታቸው የሚያስገቡትን ፖስታ ይዘዋል። ስመው ሲጨርሱ በሁለት እጃቸው እጄን ያዙት።

«ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ቲቸር። ቦታዬን አልለቅም።»

በዚህ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ሰበብ አልነበረኝም።

«እትዬ፣ በዚያ አሳይመንት ልክ የነበሩት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጥያቄዬ ነው የተሳሳተው። ጳጉሜን መቁጠርዎ ትክክል ነበር።»

ሳቁ፤ እጄን ግን አልለቀቁትም።

«አይ፣ ቲቸር። ትሕትናዎ ነው። እኔን ለማጽናናት ብለው እንዲህ አይበሉ፤ አሁን እኮ ገብቶኛል።»

«የምሬን ነው፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አሉ፤ የማያምን ሰው አባባል ነው። «ቤትም ለባለቤቴ አስረድቼዋለሁ። የሱቁን ደብተር ይዞ ጳጉሜን ለብቻዋ ሲጽፍ አየሁትና በሂሳብ እሷ ወር አይደለችም፣ ከነሐሴ ጋር ደምራት አልኩት። ሳቀብኝ። ሠላሳ ዓመት በእሷ ነው የበላነው አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«አልተማርክም፣ አይገባህም አልኩት።»