ክሬም ብሩሌው ውስጥ ያገኘሁት ጭስ

ቀማሽ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሊንዳ ጠረጴዛ ላይ ኩባያ ደረደረችና «አንዱ ከሌሎቹ ይለያል፣ የቱ ነው?» አለችኝ። ሁለተኛውን ቀመስኩና «ይሄ» አልኳት።

«ሌሎቹን ሳትቀምስ?»

«ለምን ብዬ? አገኘሁት እኮ።»

«ዕድል ነው» አለችና ዞር በል ብላኝ እንደገና ደረደረች። እንደገና አገኘሁት። እኔ እንግዲህ እንደዚህ ነኝ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ምላሴ ግን አንጋፋ ነው።

አሁን አዲስ የምትገቡት ልጆች «የመጀመሪያው ኩባያ ለምን ባዶ ሙቅ ውሃ ይሆናል?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሶ ልንገራችሁ። ታሪኩ የኔ ስለሆነ ከኔ በላይ የሚያወራው የለም።

ከመቅመሴ በፊት እዚሁ ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ዌርሃውሱ ውስጥ ካርቶን ነበር የምጭነው። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው፣ በሰላም። ካርቶን ስሸከም ሳይከፈት ውስጡ ያለውን እናገር ነበር፤ «ይሄ ቸኮሌት ነው፣ ይሄ ፖም፣ ይሄኛው ቀረፋ በዝቶበታል።» ይሄን ጋሽ ታምራት ሰሙ። ጋሽ ታምራት የድርጅቱ ቀያጭ ናቸው። ሻይ ቅጠሉን፣ የደረቀ ፍሬውን፣ ቫኒላውን መዝነው ትልቁ በርሜል ውስጥ የሚያዋህዱት እሳቸው ናቸው። ሄደው ለሊንዳ «ይሄ ልጅ አፉ ብዙ ነው፣ አፍንጫው ግን ይበልጣል» አሏት። በሳቸው አማላጅነት ነው እንግዲህ እዚህ የደረስኩት።

የምንሸጠውን ታውቃላችሁ። ኬክ ኬክ የሚል ሻይ ነው። ቺዝኬክ፣ ቲራሚሱ፣ ፒካን ፓይ። ቅቤ የለው፣ ወተት የለው፣ ሽታው ግን ሠርግ ቤት ነው። ችግሩ እኔ እነዚህን ነገሮች በልቼ አላውቅም። ያልበላሁትን ኬክ ሻይ ውስጥ እንዴት አገኘዋለሁ? ሶ ከግሮሰሪ አንዳንድ ቁራጭ ገዛሁና መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ መብላት ጀመርኩ። የፓርኪንጉ ጥበቃ መስኮቱን አንኳኳ።

«ደህና ነህ?»

«ሥራ ላይ ነኝ» አልኩት።

የሊንዳ ሕግ ደሞ አንድ ነው፤ ሻይ የሚቀመሰው ቤት ነው። «ደንበኛዬ ሻዩን የሚጠጣው እዚህ ቢሮ መጥቶ አይደለም። ኪችኑ ውስጥ፣ በራሱ ውሃ ነው» ትላለች። ስለዚህ ሳምፕሉን በትንንሽ ከረጢት አርጋ ለያንዳንዱ ቀማሽ ትሰጣለች። ቤት ወስደን እንቀምሳለን። እንግሊዝኛዬ ወረቀት ላይ ሲወጣ ስለሚያፍር እኔ መልሱን በቮይስ ነው የምልክላት። አንዴ የፖም ሻይዋን «ዝናብ የመታው ካርቶን» አልኩት። ሄዳ ስታይ ፖሙ እውነትም እርጥበት ገብቶበታል። ከዚያ ወዲህ ቮይሴን ሁለቴ ነው የምትሰማው።

የኔ ቤት ማለት እንግዲህ የእትዬ አስካለ አፓርትመንት ነው። አንድ ክፍል አከራይተውኛል። ሆስፒታል ጡረታ የወጡ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ፣ የሴቶች ማኅበር ሻይ የሚያፈሉ ሴትዮ ናቸው። መጀመሪያ ቀን ስቀምስ አዩኝ። ሻይ በማንኪያ ወስጄ በአየር ስርርር አድርጌ እስባለሁ፣ አፌ ውስጥ አዞረዋለሁ፣ ባዶ ኩባያ ውስጥ ትፍ።

«በስመ አብ! አንተ፣ ማን ነው ያሳደገህ?»

«እትዬ፣ አሠራሩ ነው።»

«መትፋት ሥራ ሆነ? ስኳሩስ?»

«ስኳር አይገባበትም።»

«ታመሃል» አሉኝና ግንባሬን ዳሰሱ።

ከሳቸው ጋር የነበረብኝ ትልቁ ውድድር የሽንኩርት ነው። እትዬ ቁሌት ከጀመሩ ቤቱ በቃ አለቀ፤ እንኳን ቲራሚሱ ቤንዚንም አይሸትም። ሶ ጠዋት ከሳቸው ቀድሜ እነሳለሁ። ማንቆርቆሪያዬ ትንሽ ናት፣ ለሁለት ኩባያ ብቻ ነው የምታፈላው። ስለዚህ ብዙ ሳምፕል ያለ ቀን ውሃ እየደጋገምኩ አፈላና የእትዬን ትልቁን ፔርሙስ እሞላለሁ። ከሱ እየቀዳሁ እደርሳለሁ። ስጨርስ የተረፈውን ሻይ እዛው ፔርሙስ ውስጥ ስኳር ጨምሬ ለእትዬ እተውላቸዋለሁ። ጉራም ጭምር ነው፤ ሰው እንዲያውቅልኝ።

ዓቢይ ጾም ገባ። እትዬ ፔርሙሱን ከፍተው አሸተቱና አፈጠጡብኝ።

«ይሄ ኬክ ነው።»

«ሻይ ነው እትዬ።»

«የጾም ነው?»

«ቅጠል ነው። ቅቤ የለበት፣ ወተት የለበት።»

«እንግዲህ ኃጢአቱ ባንተ» ብለው ጠጡ። ደገሙ። እኔም ጾሙን በኬክ ያስገደፍኩ የመጀመሪያው ሰው ነኝ እያልኩ ስስቅ ሰነበትኩ።

በዚያው ሰሞን ነው ክሬም ብሩሌው የመጣው። የፈረንጅ ጣፋጭ ነው፤ እንቁላልና ወተት ይጋገርና ላዩ ላይ ስኳሩ በእሳት ይቃጠላል። ፎርት ዎርዝ ያሉ ካፌዎች አዘውታል፣ ጋሽ ታምራት ቀይጠውታል፣ ካርቶኑ ሊጫን ተደርድሯል። የቀረው የኛ ቅምሻ ነው። ሊንዳ ደሞ ለኔ «ይሄን በደንብ ከሠራህ ቋሚ ቀማሽ ትሆናለህ፣ ካርቶን አበቃ» ብላኛለች። ለዚህች ወንበር እንዴት እንደጓጓሁ አልነግራችሁም። ወገቤን ጠይቁት።

ሰኞ ጠዋት ከሽንኩርቱ በፊት ተነሳሁ፣ ፔርሙሱን ሞላሁ፣ ቀዳሁ፣ ከደንኩ፣ ጠበቅኩ፣ ሳብኩ። ቫኒላው አለ። ካራሜሉ አለ። ከኋላ ግን አንድ ነገር መጣ። ጭስ። ደገምኩት። ጭስ። ሌሎቹንም ሳምፕሎች ስቀምስ ትንሽ ትንሽ ያው ነገር አለ፤ ከክሬም ብሩሌው ምላሴ ላይ የቀረ ነው ብዬ አለፍኩት። ለሊንዳ ቮይስ ላክሁ። ወዲያው ኮል አደረገች።

«ጭስ?»

«ጭስ።»

«የተቃጠለ ስኳር ይሆናል። ክሬም ብሩሌ እኮ ነው።»

«የተቃጠለ ስኳር አውቃለሁ። ይሄ እንጨት ነው።»

ጭነቱን አስቆመች። እኔ ደሞ በኩራት አብጬ ሥራ ስገባ ጋሽ ታምራት በር ላይ ጠበቁኝ። ዌርሃውሱ ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ አንድ በርሜል በእንጨት ጭስ የደረቀ ሻይ አለ። መስፈሪያው ከዚያ በርሜል ሳይታጠብ ክሬም ብሩሌው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው እንግዲህ፣ እኔ እንዳልኩት ከሆነ።

«አንተ ነህ የኔን መስፈሪያ ቆሻሻ ነው ያልከው?»

«ጋሼ፣ እኔ ጭስ አለ ነው ያልኩት።»

«ምላስህን እኔ ነኝ ከካርቶን ሥር ያወጣሁት። እሺ። ነገ እናያለን።»

ማክሰኞ ሊንዳ ቀማሾቹን በሙሉ ሰበሰበች። እነሱ ቤታቸው ምንም አላገኙም። እዛው በዌርሃውሱ ውሃ ተፈላ፣ ሁሉም ሳበ፣ ሁሉም እኔን አየኝ። እኔም ሳብኩ።

የለም። ቫኒላ፣ ካራሜል፣ በቃ። አለ ብዬ ድርቅ ማለት እችል ነበር፣ ድርቅና አይከብደኝም። ግን በዚህ ሥራ የሌለን አለ ያለ ቀማሽ ሞቷል። «የለም» አልኩ።

ሊንዳ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ወደ ካርቶን ተመለስ» አለች። ጋሽ ታምራት መስፈሪያቸውን በፎጣ እየወለወሉ ጀርባቸውን ሰጡኝ።

«ሊንዳ፣ ትናንት ጭስ ነበረ። ከየት እንደመጣ አምጥቼ አሳይሻለሁ።»

«እስከ ሰኞ። እስከዚያ ክሬም ብሩሌው አይወጣም፤ አንተ ሌላውን ጫን።»

ጫንኩ። ጫኚዎቹ አልማሩኝም። «በምላስህ አንሳው እንጂ!» ይሉኛል። ዩለስ ከተማ ያለ ጓደኛዬ ደሞ «ኤርፖርት ና፣ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ንዳ፣ ምን አስጨነቀህ» አለኝ። «ጭሴን ሳላገኝ የትም አልሄድም» አልኩት። ያበድኩ መስሎት ስልኩን ዘጋ።

ማታ ማታ ቤቱን ፈተሽኩ። ማንቆርቆሪያዋን በሆምጣጤ አፈላሁ። ኩባያውን፣ ማንኪያውን፣ የቧንቧውን ውሃ ቀመስኩ። ክሬም ብሩሌውን አንዳንድ ኩባያ ብቻ ስለሆነ በቀጥታ ከማንቆርቆሪያዋ እየቀዳሁ ደጋገምኩት። ንጹሕ ነው። ጎረቤታችንን ሆሴን «ሰኞ ጠዋት ሥጋ ጠብሰሃል?» አልኩት።

«ሰኞ ጠዋት ማን ሥጋ ይጠብሳል?»

«ቴክሳስ ነው ብዬ ነዋ።»

እንዲህ እንዲህ ሲል እሁድ ደረሰ። በቃ ሻትል መንዳቴ ነው እያልኩ ሶፋው ላይ ተጋድሜያለሁ። እትዬ ከማኅበር መጥተው ፔርሙሱን አጠቡና በረንዳ ወጡ። ትንሽ ቆይቶ በመስታወቱ ሥር ሽታው ገባ። ከሶፋው ተስፈንጥሬ ተነሳሁ።

እትዬ በረንዳው ላይ በዱካ ተቀምጠዋል። አሮጌ ጣሳ ውስጥ የወይራ ስንጥር እያጨሱ ፔርሙሱን ደፍተው ያጥኑታል፤ ሀገር ቤት የወተት ዕቃ እንደሚታጠነው።

«እትዬ! ምን እየሠሩ ነው?»

ደነገጡ። «ቤት ውስጥ ባደርገው ያ ጣራው ላይ ያለው ነገር ጭስ ሲያይ ይጮሃል ብዬ ነው።»

«እሱን አይደለም! ፔርሙሱን ለምን ያጥኑታል?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አንተ እንዳይከፋህ ብዬ ነው እንጂ...»

«ይንገሩኝ በናትዎ።»

«ያ ያንተ ኬክ ፔርሙሱ ውስጥ ሸቶ ቀረ። ብታጠብ ብታጠብ አልለቅ አለ። የማኅበሩን ሻይ ይዤ ብሄድ ሴቶቹ አሸተቱና አስቀመጡት። ‹አስካለ በጾም ቅቤ ታጠጣናለች› ተባልኩ። እኔ! ስለዚህ ካለፈው እሁድ ጀምሮ አጥኜ ነው የምከድነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ለኔ ብለህ የተውከው ሻይ እኮ ነው። ሸተተብኝ እንዴት ይባላል?»

ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሰኞ ጠዋት እኔ የሞላሁት እሳቸው እሁድ ማታ አጥነው የከደኑትን ነበር።

«እትዬ፣ ፔርሙሱን ነገ ልውሰደው።»

«የት? በጭራሽ! እሁድ ማኅበር አለኝ።»

«በዚሁ ፔርሙስ ነው ሥራዬ የሚመለሰው።»

አዩኝ። ከዚያ ጣሳው ላይ ሌላ ስንጥር ጨመሩ። «እንግዲያው በደንብ ላጥነው» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ፔርሙሱን በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ። ከዚያው ከክሬም ብሩሌው ካርቶን ሁለት ኩባያ አዘጋጀሁ። አንዱን ከዌርሃውሱ ማንቆርቆሪያ፣ አንዱን ከፔርሙሱ ቀዳሁ። ሊንዳ የመጀመሪያውን ሳበች፣ ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛውን ሳበችና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ጭስ» አለች።

ጋሽ ታምራት ሳቡ። አልተፉትም፣ ዋጡት። «ወይራ!» አሉ። «ይሄ የናቴ የወተት ቅል ነው!»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኬኩን፣ ማኅበሩን፣ በረንዳውን። ሊንዳ የሴቶቹን ሐሜት ስትሰማ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ከዚያ ቀና አለች። «ሶ ጭሱ ላይ ልክ ነበርክ፣ ሻዩ ላይ ተሳስተሃል። በዚህ ምክንያት አንድ ሳምንት ሙሉ ዕቃ ቆመብኝ።»

«አዎ» አልኩ። የምጨምረው ቀልድ ጠፋኝ፣ እመኑኝ፣ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

«ሌሎቹ ቀማሾች ቤታቸው ጭስ ቢኖር የሚያገኙት አይመስለኝም» አለች። «ወንበሩ ያንተ ነው። ግን ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም ከምንም በፊት ባዶውን ሙቅ ውሃ ትቀምሳላችሁ፤ በምትቀዱበት ዕቃ።»

ጋሽ ታምራት መስፈሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «እኔን ተወኝ። እሱን ይቅርታ ጠይቀው።» ጫኚዎቹ ቆመው እያዩ መስፈሪያውን በሁለት እጄ ተቀብዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ክሬም ብሩሌው በዚያው ቀን ፎርት ዎርዝ ሄደ። ለእትዬ አዲስ ፔርሙስ ገዛሁላቸው። አሮጌውን ለኔ አልሰጡኝም፤ የታጠነ ዕቃ አይጣልም አሉ። አሁን ትልቅ ማንቆርቆሪያ አለኝ።

እናንተ አዲሶቹ እንደኔ ዓይነት ምላስ አይኖራችሁም፣ እሱን ተዉት። ግን ሻዩን ከመቅመሳችሁ በፊት ውሃውን ቅመሱ።