ለጾመኞች በዓል የመጣ በግ

አባዬ በየእሁዱ «ትኬቴን ቁረጪልኝ» ይሉኝ ነበር። አገር ናፍቋቸው ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ችግራቸው ሌላ ነበር። ቴክሳስ፣ ሜስኪት ከተማ ያለችው አፓርታማዬ ከገቡ ጀምሮ ሰው ሁሉ ለእሳቸው ያደርጋል፣ እሳቸው ለማንም አያደርጉም። «እኔ በሕይወቴ የሰው እጅ አይቼ አላውቅም» ይላሉ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ቁጭ ብለው። «ደጄ የመጣ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም ነበር። አሁን የሚበላ እንጂ የሚያበላ አልሆንኩም። ምን እሠራለሁ እዚህ?» እኔ በቀልድ አልፈዋለሁ፣ ጥለውኝ እንዳይሄዱ ግን እፈራለሁ። እናቴን ቀብሬያለሁ፤ ከእሳቸው ሌላ ማንም አልነበረኝም።

ከሁሉ በላይ ውለታዋ የከበዳቸው፣ ፋርመርስ ብራንች በምትባለው ከተማ መጋዘን ውስጥ አብራኝ ዕቃ የምታሽግ ቬትናማዊት ጓደኛዬ ነበረች። መኪና ያልነበረኝ ጊዜ ከሜስኪት እያመላለሰች ሥራዬን ያቆየችልኝ እሷ ናት። አባዬ በመጡ ሰሞን ጉንፋን ጥሏቸው፣ እኔ ሺፍቴን መተው አቅቶኝ ስባክን፣ በእረፍት ቀኗ ሾርባ ይዛ መጥታ ደግፋ ያጠጣቻቸውም እሷ ናት። ስሟን በወጉ መጥራት ስለማይችሉ «ያቺ ደግ ልጅ» ነበር የሚሏት። «ያቺ ደግ ልጅ ምን አድርጌላት ነው?» ይላሉ ደግሞ ደጋግመው።

ጓደኛዬ የቡድሃ እምነት ተከታይ ናት። ጸደይ ሲገባ የቤተ መቅደሷ ሰዎች ሌዊስቪል ሐይቅ አጠገብ፣ የአንድ ሽማግሌ ቴክሳሳዊ ግጦሽ መሬት ላይ ድንኳን ተክለው ቅዳሜና እሁድን በበዓል ያሳልፋሉ። ልጆች እንደልባቸው የሚፈነጩበት፣ መጠጥ የሚባል የማይገባበት፣ ሥጋ የማይበላበት በዓል ነው። ሁሉም የራሱን ሳህን ይዞ ይመጣል፣ ራሱ ያጥባል፤ አንዲት ፌስታል እንኳ ሣሩ ላይ አትጣልም። «አባትሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

ይህን ቸርች ሳወራ የአንዷ እህት ፊት ተለዋወጠ። «ጣዖት የሚያመልኩት ዘንድ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ቶሎ ነው የምግለው፤ «አባቴ ሲታመሙ ሾርባ ይዛ የመጣችው እሷ ናት፤ አንቺ የት ነበርሽ?» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰላም የምትለኝ ራቅ ብላ ነው።

ለአባዬ ግን ነገሩን ባጭሩ ነገርኳቸው። «የሃይማኖታቸው በዓል ነው፣ ጾመኞች ናቸው» አልኩ፣ አበቃ። ማለቴ፣ ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ነበር። እሳቸው ደግሞ ነገሩን በራሳቸው ልክ ሰፉት፦ ሰዎቹ ጾመው ከርመዋል፣ አሁን በዓል ደረሰ፣ ስለዚህ ጾም ሊፈታ ነው። ሐሙስ ለት በረንዳው ላይ ቢላዋ ሲስሉ አየኋቸው። ለሽንኩርት ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

ዓርብ እኔ ከጓደኛዬ ጋር ድንኳን ለመትከል ቀድሜ ሄድኩ። አባዬን ቅዳሜ የሚያመጣልኝ ከእኛ ታች የሚኖር የአገራችን ልጅ፣ ታክሲ ነጂ ነበር። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከሴቶቹ ጋር ካሮት እየላጥኩ ሳለ፣ አንድ ፒክአፕ ሣሩ ዳር መጥቶ ፓርክ አደረገ። ነጂው ያው የታች ቤቱ ልጅ ነው፤ ታክሲውን ትቶ ፒክአፕ ተውሶ፣ ጥርሱን አውጥቶ ይስቃል። ከኋላ ጭነቱ ላይ አባዬ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ነጭ፣ የሰባ በግ። እንዳይደነብር ብለው ከሜስኪት እስከዚያ ድረስ አቅፈውት ነው የመጡት።

ክው አልኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

«በይ ያቺን ደግ ልጅ ጥሪያት» አሉኝ፣ ከመጡ ጀምሮ አይቼው በማላውቀው ደስታ። «ከገበሬ ቤት መርጬ ነው ያመጣሁት። ቢላዋውም አለ።» በጋዜጣ የተጠቀለለውን ነገር ከኮታቸው ብቅ አደረጉልኝ።

«አባዬ በእግዜር ይደብቁት!»

«ሰርቄ ነው የምደብቀው?»

ልመልስላቸው ስል ልጆቹ እየጮሁ መጥተው በጉን ከበቡት። ከኋላቸው መነኩሲቷ መጡ፤ ራሳቸውን የተላጩ፣ ቡናማ ቀሚስ የለበሱ፣ ትንሽዬ አሮጊት። አባዬ መነኩሲት መሆናቸውን ማንም ሳይነግራቸው አውቀው ባርኔጣቸውን አወለቁ። መነኩሲቷ መዳፋቸውን ገጥመው ለአባዬ እጅ ነሡ። ቀጥለው ለበጉም እጅ ነሡ። ጓደኛዬ ዓይኗ እንባ ሞልቶ እጄን ያዘችኝ። «ሊታረድ ያለ እንስሳ ገዝቶ ሕይወቱን መልቀቅ በእኛ ዘንድ ትልቅ ጽድቅ ነው» አለችኝ። «አባትሽ ይህን በምን አወቁ?»

ወይ ጉዴ! «ኦኬ» ብቻ ወጣኝ።

«ምን አሉ? ምን አሉ?» ይሉኛል አባዬ።

ከፒክአፑ ጀርባ ወስጄ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እዚህ ደም አይፈስም፤ ጾማቸው የማይፈታ ነው፤ ሰዎቹ በጉን ለማዳን የገዙት መስሏቸው ነው የሚያመሰግኑዎት አልኳቸው። ያ ሁሉ ደስታ ፊታቸው ላይ ሲጠፋ አየሁ።

«እንግዲያው ስጦታዬ ነውር ሆነ በይኛ» አሉ። «ሰው ማክበር እንኳ አቃተኝ። ሰኞ ትኬቴን ትቆርጫለሽ።» የእሁዱ ዓይነት ንግግር አልነበረም፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ የቆረጠ ሰው ድምፅ ነበር።

«ኧረ አባዬ፣ ዝም ብንል ማን ይጎዳል? እነሱ ደስ ብሏቸዋል፣ እርስዎም ተመስግነዋል።»

«ባላሰብኩት ጽድቅ አልመሰገንም!» ብለው ተቆጡ። «ሂጂና እውነቱን ንገሪያቸው። ቆሜ እሰማለሁ።»

እኔ ለጓደኛዬ፣ ጓደኛዬ ለመነኩሲቷ፤ ነገሩ በሦስት ቋንቋ ተጓዘ። «ሊያርዱልሽ ነው ያመጡት። አባቴ ሰው የሚያከብሩት እንዲህ ነው። ለሾርባውም፣ እኔን ስላመላለስሽኝም» አልኩ። አባዬ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ተከሳሽ ቆመዋል። ጓደኛዬ ተርጉማ ስትጨርስ የመነኩሲቷ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በእጅጌያቸው አፋቸውን ሸፍነው እየሳቁ ነው! ስቀው ስቀው እንባቸውን ጠረጉና አንድ ነገር ተናገሩ።

«የእኔም አባት ክቡር እንግዳ ሲመጣ የሰባችውን ዳክዬ ያርድ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዳክዬዋን ታቅፌ አልጋ ሥር እደበቅ ነበር ይላሉ» አለች ጓደኛዬ፣ እሷም እየሳቀች። «አባትሽና አባቴ ቢገናኙ ይዋደዱ ነበር አሉ።»

ለአባዬ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና «አባታቸው ደግ ሰው ነበሩ ማለት ነው» አሉ።

መነኩሲቷ አባዬን በጉን ምን ሊያደርጉት እንዳሰቡ አስጠየቋቸው። «የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም» አሉ አባዬ። «የልጅቷ ነው። ካልታረደም ይኑር።»

ይኑር ማለቱ ቀላል ነው። ያ ሁሉ ሰው ግን ጥፍር የሚሠራ፣ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ቢሮ የሚውል ከተሜ ነው፤ በግ በቅርብ ያየም ያለ አይመስለኝም። አንዱ ብስኩት ያጎርሰዋል፣ ሌላው የድንኳን ካስማ ላይ አስሮት በጉ ሲታገል ድንኳኑ ሊወድቅ ነው። አባዬ ጥቂት አዩና አላስቻላቸውም። «ኧረ እናንተ ሰዎች! ልታንቁት ነው እንዴ? እንዲህ አይታሰርም!» ብለው መሐላቸው ገቡ። በአማርኛ ነው የሚቆጡት፤ ሁሉም እሺ ብሎ ይታዘዛል። እስከ ምሳ ድረስ ልጆቹ ከኋላቸው ተሰልፈው ነበር። ሴቶቹ ለማዳበሪያ ያጠራቀሙትን የካሮት ልጣጭና የጎመን ቅጠል ለበጉ አበሉት። የመሬቱ ባለቤት ሽማግሌም ሲያዩ ቆይተው፣ እየመጣ ሰኮናውን የሚያይለት ሰው ካለ ከፍየሎቻቸው ጋር ቢቀር ግድ እንደሌላቸው ተናገሩ።

ያ የተሳለው ቢላዋም ከንቱ አልቀረም። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሐብሐብ መጣ። አባዬ ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሐብሐቡን ሲቆራርጡ ዋሉ። ልጆቹ ሳህናቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ «ብላ እንጂ! አንቺም ጨምሪ!» ይላሉ። የመጀመሪያዋን ቁራጭ ግን ለማንም አልሰጡም። ፍሬዋን በጣታቸው ለቅመው አውጥተው፣ ጓደኛዬን ጠርተው በእጃቸው አጎረሷት። እሷም አፏን ከፍታ ጎረሰች።

«መጠጥ ሳይኖር ይህ ሁሉ ሳቅ ከየት ይመጣል?» ብለው ጠየቁኝ ዙሪያቸውን እያዩ።

እነዚያን ሰዎች እስከ ዛሬ አስባቸዋለሁ። ጾማቸውን ባለማወቅ ሊያፈርሱባቸው በመጡ ሰውዬ ሊቆጡ ይችሉ ነበር። በትሕትና አመስግነው ራቅ ሊሉም ይችሉ ነበር፤ እሱ ይብስ ነበር። እነሱ ግን አባቴን አስቀው ሥራ ሰጧቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ በየትኛውም ስም ቢጠሩት።

እሁድ ከሰዓት ድንኳኑ ሲነቀል ሁላችንም ጎን ለጎን ተሰልፈን ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ለቀምነው። አባዬ አንዲት የቆርቆሮ ክዳን አግኝተው እንደ ጌጥ ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ በጓደኛዬ መኪና ወደ ሜስኪት ጉዞ ጀመርን፤ አባዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እሁድ ነው፤ የትኬት ቀን። ሰኞ ትቆርጫለሽ ያሉኝም ነገ ነው። ሐይዌዩ ላይ ወጥተን ዝም፣ ዳላስን አልፈን ዝም። እኔ ከኋላ ሆኜ ማጅራታቸውን እያየሁ፣ ሲናገሩ ምን እንደምመልስ እያሰብኩ ነበር።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ ሳይዞሩ።

«አቤት አባዬ።»

«ቅዳሜ ሥራ ትገቢያለሽ?»

ኦቨርታይም ተመዝግቤ ነበር። «አልገባም» አልኩ።

«በይ እንግዲያው ትወስጂኛለሽ። ያ ሽማግሌ ብቻውን ሰኮናውን አይችልለትም። ልጆቹም እንመጣለን ብለውኛል።» በምን ቋንቋ እንደነገሯቸው አልጠየቅኩም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ እንባዬ ግን አልቆም አለኝ።

ጓደኛዬ በመስታወቱ አይታኝ ደነገጠች። «ምን አሉሽ?» አለችኝ።

«ቅዳሜ ቀጠሮ አለኝ አሉ» አልኳት።