የኦኖሪን የውሸት ዓይን

ተገኘ! በሕይወት አለ! የጎረቤቴ የኦኖሪን ባል፣ ታንክ ነጂው ሌዎንስ!

ኦኖሪን መስኮት በሌለው ግድግዳ ላይ የውሸት መስኮት በመሣል የታወቀች ናት። ጦርነቱ ሲመጣ ፋብሪካ ገብታ ታንኮችን በአረንጓዴና በቡኒ ታዥጎረጉር ጀመር። ነጂው የሚያይባትን ስንጥቅ በቀለም ትሰውርና፣ ጠላት እንዲተኩስበት ራቅ አድርጋ ጥቁር የውሸት ስንጥቅ ትሥላለች። የባሏንም ታንክ የሣለችው እሷው ናት።

“አጣመሽ እንዳትሥዪው!” ሲላት፣ “ካንተ አፍንጫ በላይ አይጣመም!” ብላው ተሳሳቁ። ከዘመተ ወዲያ ወሬው ጠፋ። አሥር ወር ሙሉ “የውሸቱን ስንጥቅ አቅጥኜው ይሆን?” እያለች ስትብሰለሰል፣ ለእሱም ሾርባ እየቀዳች ስታቀዘቅዝ ከረመች።

ዛሬ ከምርኮኞች ሆስፒታል ደብዳቤው ደረሰ፦ “አንቺ ቀጣፊ፣ ውሸትሽ አዳነኝ! እግሬ ተሰብሯል፤ ዓይኔ ግን ደህና ነው። ማራኪዎቼ ከታንኩ ሲያወጡኝ፣ በሣልሽው ስንጥቅ ዙሪያ አሥራ ዘጠኝ የጥይት ምልክት ቆጠርኩ፤ በማይበት በእውነተኛው ላይ አንድም የለ።”

ኦኖሪን ደብዳቤውን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ “እስኪለቁትስ እንዴት ልቻለው?” ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

እናቱ ግን ወንዝ ዳር ልብስ እያጠበች ነው፤ ገና አልሰማችም። በሉ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልሩጥ!