የማቱሳላ ዕድሜ በጋሽ ተሰማ ጀርባ

ትናንት የአባቴን የስፌት መኪና መሳቢያ ስከፍት የጠመኔ ሽታ አወደኝና በጃንሆይ ጊዜ ሸማ ተራ አጠገብ ወደነበረችው ሱቁ ተመለስኩ።

የጨው ነጋዴው ጋሽ ተሰማ ለማኅበራቸው ቀን ያሰፉትን ኮት ሊወስዱ መጥተው ከአባቴ ጋር ክርክር ገጠሙ።

«ማቱሳላ የሞተው ከጥፋት ውሃ በፊት ነው!»

አባቴ ጠመኔውን አንስቶ ከማቱሳላ እስከ ኖኅ ያለውን ዓመት ደመረ። «በግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ ከውሃው በኋላ አሥራ አራት ዓመት ኖሯል።»

«መርከቡ ውስጥ የገቡት ስምንት ናቸው! ሽማግሌው ዋኝቶ ተረፈ?» ጋሽ ተሰማ ኮቱን መንጭቀው ሄዱ።

አባቴ በልማድ የደመረው ኮቱ ጀርባ ላይ ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሳቄን አፈንኩ።

ከማኅበሩ ማግስት ጋሽ ተሰማ እየተቆጡ መጡ። «ነጠላዬን አደግድጌ ጠላ ስቀዳ ማኅበርተኛው ሁሉ ጀርባዬን ሲደምር ዋለ!»

«ስንት መጣ?» አለ አባቴ።

ጋሽ ተሰማ አቀረቀሩ። «አሥራ አራት።»

አባቴ ኮቱን እየቦረሸ «ዕድሜን ባለቤቱ አይደምረውም፤ ከኋላው የቆመ ነው የሚደምርለት» አላቸው። ያኔ አልገባኝም።

አባቴ ካረፈ ዓመት ሞላው። ዕድሜውን ወንድሜ ሰባ ስምንት ነው ይላል፤ እኔ ሰማንያ አንድ እላለሁ። ዛሬም ሊከራከረኝ ሲመጣ ጠመኔውን ሰጠሁትና ጀርባዬን አዞርኩለት።