አበልጆቹና የመጨረሻዋ ትዕይንት

የመሳሳም ትዕይንት ሲቀረጽ መዋል አድካሚ ነው። በጋዜጠኝነት ዘመኔ የፍርድ ቤት ውሎ፣ የምክር ቤት ስብሰባና የጎርፍ አደጋ ዘግቤያለሁ። እንደ ፊልም ቀረጻ በመጠበቅ ብቻ ሰውን የሚያዝል ነገር ግን አላየሁም። መብራቱ ይስተካከላል፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ ይጠፋል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይጀምርና ድምፅ ቀራጩ እጁን ያነሳል። የጎረቤት ውሻ ይጮኻል። ሁሉም ነገር ሲሰምር ደግሞ ሁለቱ ተዋንያን ይተፋፈራሉ።

በእኛ ፊልሞች ያቺ ትዕይንት የምትሠራበት የታወቀ መንገድ አለ። ከንፈርና ከንፈር ሊነካካ ሲል ካሜራው ወደ መጋረጃው ይዞራል፤ አለዚያም ጃንጥላ ዝቅ ይላል። ተመልካቹም ለምዶታል፣ ቅር አይለውም። ቀረጻ ላይ በስሟ የሚጠራት የለም። «ዛሬ ያቺን እንሠራለን» ይባላል፣ ሁሉም ይገባዋል። ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የምትቀረጸው። መጀመሪያ ከተቀረጸች ተዋንያኑ ከዚያ በኋላ ዓይን ለዓይን መተያየት ያቅታቸዋል ይላሉ።

ያን ቀን የሄድኩት አለቃዬ ስለዚሁ ጉዳይ አንድ ጽሑፍ ስለፈለገ ነው። ቀረጻው ጉለሌ ነበር፤ ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለ የኪራይ ቤት። አዘጋጁ ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ የሻከረ ሰው ነው። ገና ሳልቀመጥ ሐሳቡን ነገረኝ።

«ዕድሜዬን ሙሉ መጋረጃ ስቀርጽ ኖርኩ። ሰለቸኝ። ዛሬ መጋረጃ የለም።»

ፊልሙ ስለሚለያዩ ባልና ሚስት ነው። መጨረሻው ላይ ባልየው ሻንጣውን አንስቶ ከመውጣቱ በፊት ይሳሳማሉ። አዘጋጁ ፊልሙን የጻፈው ለዚያች ቅጽበት ብሎ እንደሆነ ነገረኝ። ከሌሎቹ ትዕይንቶች አብዛኛው የተቀረጸው ባለፈው ዓመት ነበር። ከዚያ ካሜራው ለሌላ ሥራ ተወሰደ፣ ክረምቱ ገባ፣ አዘጋጁም ክፍለ ሀገር ሄደ። ሁሉም እንደገና የተሰበሰበው በዚያ ሰሞን ነው።

ተዋናይቱ ከዊንጌት አካባቢ በታክሲ መጣች። ተዋናዩ በር ላይ ተቀብሎ ጉንጭ ለጉንጭ ሳማትና ሻንጣዋን ያዘላት። ምሳ ሲቀርብ አዘጋጁ ሽሮውን ከሁለቱ ፊት አስነሳ።

«ነጭ ሽንኩርት አለው። ለእናንተ ብስኩት ነው።»

«ጋሼ፣ ርቦኛል እኮ» አለ ተዋናዩ።

«ትራባለህ። ዛሬ ያቺ ናት።»

ሁለቱ ተያዩ። እኔም ዓይን አፋርነት ነው ብዬ አለፍኩት።

ወዲያው የተዋናዩ ሚስት ልጇን ታቅፋ ገባች። ቀረጻ ለማየት ነው የመጣችው። ሕፃኗ ተዋናይቱን ስታይ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ሂጂ፣ ሂጂ ወደ እናትሽ» አለች ሚስትየው።

አዘጋጁ ሳቀ። «ስንት እናት ነው ያላት?»

«ሁለት። እኔ ወላጇ፣ እሷ የክርስትና እናቷ።»

አዘጋጁ ሳቁን አቆመ። ቀስ ብሎ ወደ ተዋናዩ ዞረ። «የክርስትና እናቷ?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቀረጻው በተቋረጠበት ጊዜ ሚስትየው ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱ ተዋንያን አብረው ሲሠሩ እንደ እህትና ወንድም ተላምደው ስለነበር፣ ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ክርስትና ያነሳቻት ተዋናይቱ ናት። ስለዚህ ከልጅቷ ወላጆች ጋር አበልጅ ሆነች። አበልጅ የመንፈስ ዘመድ ነው፤ አይጋባም፣ እንደ ባልና ሚስት መተያየትም ነውር ነው።

«እንዴት አይነገረኝም?» አዘጋጁ ጮኸ።

«መጋረጃ ይሆናል ብለን ነው እኮ ጋሼ።»

«የትኛው መጋረጃ?»

«የሁልጊዜው።»

እንግዲህ ያቺን ትዕይንት ማንም በስሟ ጠርቷት ስለማያውቅ፣ ማንም በግልጽ አስቦባት አያውቅም። የፊልሙ ጽሑፍ ላይ «ይሰነባበታሉ» ይላል። አዘጋጁ አፍሮ እንዲያ ጻፈው፤ ተዋንያኑም አፍረው ምን ማለት ነው ብለው አልጠየቁም። ክርስትናው ሲወሰንም ሦስቱም፣ ወላጆቹም አበልጃቸውም፣ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ፊልሙ ትዝ ያለው አልነበረም።

«ቅድም በር ላይ ስትሳሳሙ አይቻችኋለሁ!» አለ አዘጋጁ።

«እሱ ሰላምታ ነው» አለች ተዋናይቱ።

«ይሄስ? ስንብት አይደል?»

ማንም አልሳቀም። ተዋናይቱ ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ተናገረች።

«ሌላ ሰው ፈልግ ጋሼ። ከመጀመሪያው እንደገና ቅረጸው፤ አልቀየምህም። እኔ አልወለድኩም፣ ምናልባትም አልወልድም። ያለችኝ ይቺ ናት። ይህን አድርጌ ነገ እንዴት አድርጌ እታቀፋታለሁ?»

አዘጋጁ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሌላ ተዋናይት አምጥቶ ሁሉን እንደገና መቅረጽ እንደማይችል እዚያ ቤት የነበርን ሁሉ እናውቃለን። መብራት የያዙት ልጆች እንኳ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

«ከጀርባ ብትቀርጿት አይሆንም?» አለች ሚስትየው።

«ማንን?»

«እኔን። ቁመታችን አንድ ነው። የሱ ፊት ብቻ ከታየ ይበቃችኋል።»

ዞር ብለን አየናት። ፊቷ ቀልቷል፤ ግን አልቀለደችም። የተዋናይቱ ቀሚስ ለእሷ ጠበበ፣ ዚፑም ከወገቧ በላይ አልዘጋ አለ። በመርፌ ቁልፍ አያያዙትና ነጠላ ጣል አደረጉባት። ካሜራው ፊት ከመቆሟ በፊት ወደ እኔ መጣች።

«አንተ የጋዜጣው ሰው ነህ አይደል? ሌሎቹ ላይናገሩ ምለውልኛል፤ አንተም እኔ መሆኔን እንዳትጽፍ። የምንኖረው ከአማቴ ጋር ነው። ከሰማች አለቀልኝ።»

«ያለ ፈቃድሽ አልጽፍም» አልኳት።

የቀረው ቀላል መስሎን ነበር። ባልና ሚስት ናቸው፣ ምን ያስቸግራል? ተዋናዩ ግን ፊቷን በሁለት እጁ እስኪይዝ ድረስ ጥሩ ይሄድና፣ ከዚያ እንደ እንጨት ይደርቃል።

«ምን ሆንክ? እኔ እኮ ነኝ!» አለችው።

«አንቺ ስለሆንሽ እኮ ነው።»

«እሺ፣ ሌላ ሰው ነኝ በል።»

«እንዲያ ካልኩማ ጭራሽ አልችልም!»

«ወንድሜ፣» አለ አዘጋጁ፣ «በዚች አገር ይህን ትዕይንት ለመሥራት ካንተ በላይ ፈቃድ ያለው ተዋናይ አልተፈጠረም። ሳማት!»

ደግመው ሞከሩ። ሕፃኗ ጓሮ ውስጥ አለቀሰችና ድምፁ ተበላሸ። ተዋናይቱ እሹሩሩ እያለች ከግቢ ይዛት ወጣች። ደግሞ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ጩኸቱ እስኪርቅ ጎትተው ወደ ጎረቤት ግቢ ወሰዱት። ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቋ ነበር፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስም ነጠላውን ያርገበግበዋል። በመጨረሻ ሚስትየው ራሷ ሰልችቷት «በቃ ና፣ ልጅቷ ጡት ትፈልጋለች» አለችና ኮሌታውን ይዛ ሳበችው። ፊልሙ ላይ የገባው ያ ነው። አዘጋጁ ካሜራው እንዲቆም «ከት» ማለቱን ረስቶ ነበር።

ጽሑፌን ጻፍኩ። ስለ መጋረጃው፣ ስለ ብስኩቱ፣ ስለ ጄኔሬተሩ ዘገብኩ። የማን ጀርባ እንደሆነ አልጻፍኩም።

ፊልሙ ወጣ። ከፊልሙ ሁሉ ሰው የተቀባበለው ያቺን ቁራጭ ነው፤ በየስልኩ ዞረች። አበልጅነታቸውን የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ ወሬውን ቀየሩት። «አበልጇን ሳመች» ተባለ። ተዋናይቱ አንድ ጠዋት ስልክ ደወለችልኝ።

«ልጄን ከለከሉኝ» አለችኝ።

«ማን?»

«የሱ እናት። በዓመት በዓል ስጦታ ይዤላት ሄድኩ፣ በር ላይ መለሱኝ። እንዲህ ላደረገች ሴት ልጃችንን አልሰጥም አሉ።»

«ሚስቱ እውነቱን ታውቃለች እኮ።»

«ታውቃለች። ትፈራለች። እኔ ላጋልጣት?»

ሥራዬ የሚያውቅ ሰው እንዲናገር ማድረግ ነው፤ እዚህ ግን ሦስቱም ያውቃሉ፣ ሦስቱም ዝም ብለዋል። ባልየውን አግኝቼ ጠየቅኩት። «እናቴን አታውቃትም» ብቻ አለኝ።

ወራት አለፉ። በመጨረሻ ተዋናይቱ ሁለት ሽማግሌዎች ላከች። እኔም ቀረጻው ላይ ስለነበርኩ አብሬ እንድገኝ ተጠየቅኩ። የተዋናዩ እናት ቤት ስንገባ ሁሉም ተቀምጠው ነበር። ተዋናይቱ በሩ አጠገብ፣ ባልና ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ አሮጊቷ መሐል። ልጅቷ ወለሉ ላይ ትድሃለች።

ሽማግሌዎቹ ስለ ይቅርታ መናገር ሲጀምሩ አሮጊቷ በእጃቸው አስቆሟቸው።

«ይቅርታው ይቆየኝ። አንተ የጋዜጣው ሰውዬ፣ እዚያ ነበርክ አሉ። ስማዋለች ወይስ አልሳመችውም?»

«አልሳመችውም እማማ።»

«ታዲያ በስልክ ያየኋት ማን ናት? ጥላ ናት?»

«የማን ጀርባ እንደሆነ አውቃለሁ። ላልናገር ግን ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሉን የምታነሳልኝ ያሰረችኝ ናት።»

ወደ ሚስትየው ላለማየት ብዬ ኮርኒሱን አየሁ። ተዋናይቱም አንገቷን ደፍታ ነበር። ማንም አልገፋትም። ሚስትየው ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«ምኑ?»

«የሳምኩት። እኔ ነኝ። ቀሚሷን ለብሼ።»

«አንቺ? ማንን?»

«ልጅዎን።»

አሮጊቷ ልጃቸውን አዩት። እሱ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት እማዬ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን ለማፈን ሳለ። «ኧረ ባሏን ነው የሳመችው እመቤቴ፣ ምኑን እንዳኝ?» አለ።

«ዝም በል አንተ ደግሞ!» አሉት። ቆይተው ወደ ተዋናይቱ ዞሩ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ስትሰደቢ ለምን አፍ አላወጣሽም?»

«ቤታቸው ይፈርሳል ብዬ።»

አሮጊቷ ለምራታቸው «ከአንቺ ጋር በኋላ እንነጋገራለን» አሏት፤ ወቅቱ ጾም ስለነበር የተነጋገሩት ጾሙ ከተፈታ በኋላ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ልጅቷን ከወለሉ አንስተው ተዋናይቱ ጭን ላይ አስቀመጡ።

«እንኪ። ልጅሽ ናት።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። በእነዚያ ወራት ጥርስ አብቅላለች፣ እንግዳ ፊት መፍራትም ጀምራለች፤ ይህን ፊት ደግሞ ረስታዋለች። ከንፈሯን ጣለችና ጮኻ አለቀሰች፣ ወደ እናቷም ተንጠራራች። ሚስትየው ልትነሳ ስትል አሮጊቷ «ተያት» አሏት። ተዋናይቱ ግን ራሷ ተነስታ ልጅቷን ለእናቷ ሰጠቻት።

«ግድ የለም፣ ትለምደኛለች» አለች።

ተመልሳ አልጋው ሥር፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ብርቱካን አውጥታ መላጥ ጀመረች። ልጅቷን አልጠራቻትም። አንዷን ፍሬ ከፍላ መዳፏ ላይ አስቀመጠች። ልጅቷ ፊቷን እናቷ አንገት ሥር ሸሽጋ፣ በአንድ ዓይኗ ብርቱካኑን ታይ ነበር።